ማን ነው መድኃኒቱን የተላመደው?

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ አንድ ቃል ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ትምህርት ባቀረብኩት የቤት ሥራ ላይ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «በአካባቢያችን ብዙ ሰው መድኃኒቱን ስለተላመደው የሳንባ ምች በቀላሉ አልድን ብሏል።» መምህራችን «ሰው» የሚለውን ቃል ከበቡና ከጎኑ «ማን ነው የተላመደው?» ብለው ጻፉበት። ከአሥር ስድስት ሰጡኝ።

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው እኮ! እናቴም፣ ጎረቤቶቻችንም «ሰውነቴ ለምዶታል፣ አሁንማ አይሠራልኝም» ነው የሚሉት። በኋላ ግን ነገሩን ሳስበው መምህሩ ልክ እንደሆኑ ገባኝ። በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን?» ነው። የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ከሳትነው የቀረውም አብሮ ይስታል። እንግዲህ ጥያቄውን ይዤ ሳነብና ስጠይቅ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የታናሽ ወንድሜ ነገር

ቤታችን ከአዲስ ዘመን ወጣ ብሎ ከጣራ ገዳም ጫካ ግርጌ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው ጫካውን ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ያየዋል። ባለፈው ነሐሴ ለቡሄ ወደ ቤት ገብቼ ሳለ የአራት ዓመቱን ታናሽ ወንድሜን ሳል ያዘው፣ ሌሊቱን ደግሞ ሰውነቱ እንደ እሳት ነደደ። እናቴ መጀመሪያ «ብርድ ነው» አለች። በማግሥቱ «ምች ሳይመታው አልቀረም» ብላ ዳማ ከሴ አሽታ አጠጣችው። አልተሻለውም። በዚህ ጊዜ ሳጥኗን ከፍታ በጨርቅ የተቋጠሩ ካፕሱሎች አወጣች። አሞክሳሲሊን ነው። አምና ጥርሷን አሟት ከአንድ መድኃኒት መሸጫ ያለ ማዘዣ የገዛችው፣ ሲሻላት ደግሞ ያቆመችው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የትልቅ ሰው ነው» አልኳት።

«ግማሹን ነው የምሰጠው። ለኔ ሠርቶልኝ የለ?» አለችና ካፕሱሉን ከፍታ ዱቄቱን በሻይ በጠበጠችው። እኔም የኮሌጅ ተማሪዋ ማንኪያውን ያዝኩላት። ጥፋቱ የእናቴ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ አለ። እናቴ ደስ አላትና የተረፈውን መልሳ ቋጠረችው፤ «ለሌላ ጊዜ ይሆናል።» በአምስተኛው ቀን ግን ልጁ ምግብ እምቢ አለ፣ ሲተነፍስም ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር። አዝለነው ወደ ጤና ኬላ ወረድን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልብሱን ገልጣ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ሃምሳ ስምንት! ዕድሜው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ለሆነ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል፤ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን ደግሞ ወሰኑ 50 ነው። የደረቱ መሰርጎድ ሲጨመርበት ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ላከችን። እዚያ በመርፌ ታክሞ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ «ሰውነቱ ካፕሱሉን ለምዶት ነው» አለች። እኔም ያችን ዓረፍተ ነገር ይዤ ኮሌጅ ገባሁ።

በስም የተመሳሰሉ ሁለት ነገሮች

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ምች» በባህላችን ፀሐይና ሽታ አገናኝተው ያመጡታል የሚባል ሕመም ነው፣ ከንፈር ያቆስላል፣ ያተኩሳል። «የሳንባ ምች» ግን በሐኪሞች ቋንቋ ኒሞኒያ የሚባለው ነው። ሳንባ ውስጥ አየር የሚገባባቸው ደቃቅ ከረጢቶች በመግልና በፈሳሽ ሲሞሉ ልጁ አየር ያጥረዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ በዳማ ከሴ ስንጠብቅ የሚባክነው ጊዜ ብዙ ነው።

የሳንባ ምች በቫይረስም በባክቴሪያም ይመጣል። ከባክቴሪያዎቹ ዋነኛው ኒሞኮከስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1881 በፈረንሳይ ፓስተር፣ በአሜሪካ ደግሞ ስተርንበርግ እየብቻቸው ያገኙት ነው። ይህ ባክቴሪያ የሚገርም ጠባይ አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በሽተኛ ሰው ውስጥ ሳይሆን ደህና በሆኑ ልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ነው። ልጆቹ ሲጫወቱ፣ ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። አንዳንዴ አቅም ያነሰው ልጅ ሲያገኝ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሚላመደው ሰው አይደለም

አሁን ወደ መምህራችን ጥያቄ እንምጣ። መድኃኒቱን የሚላመደው ሰውነታችን አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። እሱም ቢሆን ሰው ቡና እንደሚለምደው ቀስ በቀስ አይለምድም። ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሰው ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ሲራቡ በመካከላቸው በአጋጣሚ ትንሽ ለየት ብለው የሚፈጠሩ አሉ። መድኃኒት ሲገባ ደካሞቹ ያልቃሉ፣ የተለዩት ይተርፋሉ። ባለቤቱ ያለቀለት ማሳ ደግሞ ለተረፈው ይሆናል፤ እነሱ ብቻቸውን ይራባሉ።

አሞክሳሲሊንና ፔኒሲሊን አንድ ቤተሰብ ናቸው። ባክቴሪያው የውጭ ግድግዳውን የሚሠራባቸውን ሠራተኛ ፕሮቲኖች ይይዙና ግንባታውን ያስቆማሉ። ኒሞኮከስ የሚያመልጠው የእነዚህን ፕሮቲኖች ቅርጽ በመቀየር ነው፤ ቁልፉ ያው ነው፣ ጓጉንቸሩ ግን ተቀየረ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ከጎረቤቱ ከሞቱ ዘመዶቹ የዘር ቅንጣት አንሥቶ የራሱ ማድረግ ይችላል። ክሌብሲየላ የሚባለው፣ በተለይ ሆስፒታል ውስጥ የሳንባ ምች የሚያመጣው፣ ደግሞ መድኃኒቱን ቆራርጦ የሚያበላሽ ኢንዛይም ያመርታል። አዙትሮማይሲን ሌላ ዓይነት መድኃኒት ነው፤ የባክቴሪያውን ፕሮቲን ማምረቻ ነው የሚያግደው። ስለዚህ አንዱን የተቋቋመ ባክቴሪያ ሌላውን ሁልጊዜ ይቋቋማል ማለት አይደለም።

ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር መድኃኒቱን ከሚገባው በታች የሚወስድ ሰው ባክቴሪያውን መቋቋም እንደሚያስተምረው አስጠንቅቆ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ኒሞኮከስ በአውስትራሊያና በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተገኘ። በ1977 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በአንድ ጊዜ ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋም ታየ። የእናቴ ግማሽ ካፕሱል እንግዲህ ፍሌሚንግ ከሰማንያ ዓመት በፊት የፈራው ነገር ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ያየሁት

«ታዲያ የትኛው ባክቴሪያ የትኛውን መድኃኒት እንደሚቋቋም በምን ይታወቃል?» ብዬ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጠየቅሁ። ጋሼ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። «ነይ ልጄ፣ ማየት ከመስማት ይበልጣል» ብለው ጋውን አለበሱኝ።

በመጀመሪያው ቀን ከታማሚው የተወሰደው ናሙና፣ አክታ ወይም ደም ሊሆን ይችላል፣ በምግብ በተሞላ ክብ ሳህን ላይ ይዘራል። ኒሞኮከስ ቀበጥ ነው፤ የበግ ደም የተጨመረበት ምግብና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ይፈልጋል። ውድ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ሳህኖቹን ማሰሮ ውስጥ ከበራ ሻማ ጋር ከትቶ ክዳኑን መግጠም ነው። ሻማው ኦክስጅኑን ሲቀንስና ሲጠፋ የሚፈለገው አየር ይገኛል። በማግሥቱ በሳህኑ ላይ የበቀሉት ደቃቅ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ ዓይነታቸውም ይለያል።

ከዚያ ዋናው ምርመራ ይመጣል። ከነጠብጣቦቹ ጥቂት ተነሥቶ በጨው ውኃ ይበጠበጣል። ብጥብጡ በጣም እንዳይወፍር በጣምም እንዳይቀጥን ከመለኪያ ጠርሙስ ጋር ይመሳከራል። ከዚያ በጥጥ ተነክሮ አዲስ ሳህን ላይ በሦስት አቅጣጫ ይቀባል። በላዩ ላይ ልክ እንደ ቁልፍ የሆኑ ክብ ወረቀቶች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዳቸው የተለካ መድኃኒት ጠጥተዋል። ሳህኑ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት ውስጥ ያድራል፤ ለኒሞኮከስ ከ20 እስከ 24 ሰዓት።

ጋሼ አንድ የደረሰ ሳህን ለብርሃን ገልጠው አሳዩኝ። ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ጉም ሸፍኖታል። በአንዳንዶቹ ወረቀቶች ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ክብ ሜዳ አለ፤ መድኃኒቱ ያሸነፈበት ቦታ ነው። አንዱ ወረቀት አጠገብ ግን ባክቴሪያው እስከ ጠርዙ ድረስ በቅሏል። «አየሽ፣ ይሄኛው መድኃኒቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም» አሉኝ። ክቡ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ከሠንጠረዥ ጋር ተያይቶም «በመድኃኒቱ ይሞታል»፣ «መካከለኛ ነው» ወይም «ይቋቋማል» ይባላል። ለምሳሌ ኒሞኮከስ በፔኒሲሊን ይሞት እንደሆነ ለማወቅ ኦክሳሲሊን የተባለ መድኃኒት ያለበት ወረቀት ይደረጋል። ክቡ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ፔኒሲሊን ይሠራል። ካነሰ ግን ወዲያው «ተቋቁሟል» አይባልም፤ ባክቴሪያውን የሚያስቆመው ትንሹ የመድኃኒት መጠን ስንት እንደሆነ በሌላ ምርመራ ይለካል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1966 ባወርና ኪርቢ ከጓደኞቻቸው ጋር መልክ ያስያዙት ነው። እስከ ዛሬም በርካሽነቱና በቀላልነቱ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳህኑ ላይ የተፈተነው ባክቴሪያው ነው፣ ታማሚው አይደለም። ለመምህራችን ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

«ታዲያ ለምን ለሁሉም ልጅ አይሠራም?» አልኳቸው። ውጤቱ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ የሳንባ ምች የያዘው ልጅ ያን ያህል አይጠብቅም። ትንሽ ልጅ አክታ መትፋት አይችልም፤ ከደም ደግሞ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው አይገኝም። ስለዚህ ጤና ኬላዋ ትንፋሽ ቆጥራ ወዲያው ማከሟ ትክክል ነው። ግን በየሆስፒታሉ የሚመረመሩት ናሙናዎች ተደምረው ነው «በዚህ አገር የትኛው መድኃኒት ይቅደም?» የሚለውን የሚመልሱት። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2017 በተመረጡ ላቦራቶሪዎች ይህን ክትትል የጀመረውም ለዚህ ነው። ሳህኗ ለአንድ ልጅ ብትዘገይም ለሚመጣው ልጅ ትደርሳለች።

ከጎጃም የተገኘ ትምህርት

«ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል» ያልኳችሁን ያዛችሁልኝ? በክልላችን የተሠራ አንድ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቶታል።

አማራ ክልል፣ በተለይም የእኛ ደቡብ ጎንደር፣ በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። ዓይን የሚያጠፋውን ይህን በሽታ ለመከላከል አዚትሮማይሲን ለሕዝቡ በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል። በማልትራ ሳምንት ቁመታችንን በእንጨት እየለኩ ሲሰጡን እኔም አስታውሳለሁ። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ደግሞ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የዕደላውን ውጤት ያጠኑ ነበር። በ12 ቀበሌ ንዑስ መንደሮች ከአንድ እስከ አሥር ዓመት ያሉ ልጆች በየሦስት ወሩ ለአንድ ዓመት መድኃኒቱ ተሰጣቸው። ሌሎች 12 ደግሞ ተራቸው እስኪደርስ ቆዩ። ከዚያ ከልጆቹ አፍንጫ ናሙና ተወስዶ ኒሞኮከስ ተመረመረ።

መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ አዚትሮማይሲንን የሚቋቋም ኒሞኮከስ የተገኘባቸው ልጆች በዓመቱ መጀመሪያ 3.6 በመቶ ነበሩ፤ በዓመቱ መጨረሻ 46.9 በመቶ ደረሱ። ባልወሰዱት መንደሮች 9.2 በመቶ ብቻ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ልጆቹ የሳንባ ምች በሽተኞች አልነበሩም፤ እየሮጡ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው።

«እንግዲያው ዕደላው ክፉ ነው» ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። እኔም ቸኩዬ ነበር። በዚያው ወረዳ በተደረገው በዚያው ጥናት መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች የልጆች ሞት ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ዝቅ ብሎ ታይቷል። ዓይንም ድኗል። በሌሎች የኢትዮጵያ መንደሮች የተደረገ ክትትልም ዕደላው ሲቆም በሁለት ዓመት ውስጥ ተቋቋሚዎቹ እጅግ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። መድኃኒቱ ሲቀር የተለዩት ብልጫቸው ይቀራል፣ ተራዎቹም ቦታቸውን መልሰው ይይዛሉ። ልዩነቱ ይኸውላችሁ፦ ዕደላው ጥቅሙም ጉዳቱም እየተለካ፣ ሲያስፈልግ እየቆመ የሚሠራ ነው። የእናቴ ቋጠሮ ግን አይለካም፣ ማንም አያየውም፣ በየቤቱም አለ።

ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ይህ ነው። አንድ ልጅ የወሰደው መድኃኒት በእሱ ላይ ብቻ አይቀርም። የተረፈው ባክቴሪያ በማግሥቱ አብሮት በሚጫወተው ልጅ አፍንጫ ውስጥ ነው። ያ ልጅ በሕይወቱ አንድም ካፕሱል ሳይውጥ የተላመደ ባክቴሪያ ሊይዘው ይችላል። «ሰውነቱ ለምዶት ነው» የሚለው አነጋገር የሚደብቀው ይህን ነው።

የእኛ ወረዳ በ1997 ዓ.ም.

አንድ ነገር ልጨምር፤ የአገሬ ጉዳይ ስለሆነ ማለፍ አልቻልኩም። በ1997 ዓ.ም. ጡት አልጣልኩም ነበር። በዚያ ዓመት በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰዎች ለረጅም ጊዜ እየተኮሱ፣ እየከሱ፣ ሆዳቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ አልሠራም። «መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው» ተባለ። በዚያው ዓመት በምርመራ ሲረጋገጥ ግን ወባ አልነበረም፣ ካላዛር ነበር። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ በአካባቢው ያልተለመደ በሽታ። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ ዘመን ላይ ሕክምናው ተከፍቶ ብዙ ሰው የተረፈው።

እናቴን ስጠይቃት ያን ጊዜ በደንብ ታስታውሰዋለች። «ስንቱን ቀበርን! ስሙን ያወቅነው በኋላ ነው» አለችኝ። እንግዲህ «ተላመደ» የሚለው ቃል በሁለት በኩል ይጎዳል። የተላመደውን ባክቴሪያ ሳናውቅ ስንቀር አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ያልተላመደውን፣ ጭራሽ ሌላ የሆነውን በሽታ «ተላምዶ ነው» ብለን ስናልፈው ነው። ሁለቱንም የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። የወንድሜስ? የሱን ባክቴሪያ ሳህን ላይ ያየው የለም። መድኃኒት የሚቋቋም ሊሆን ይችላል፣ የሚሞት ሆኖ በግማሽ ካፕሱል ለሁለት ቀን ስለተነካካ ብቻ የተረፈም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን «ተላምዷል» ብዬ እንደ ዜና ጻፍኩት። ከአሥር ስድስት ሲበዛብኝ ነው!

ምን እናድርግ?

እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ግምት በ2019 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ መሞቱን ያሳያል። ከሁሉ የበዛውን ሸክም የያዘውም የሳንባ ምችን የሚያጠቃልለው የታችኛው መተንፈሻ አካል ሕመም ነው።

በእኛ እጅ ያለው ግን ቀላል ነው። ልጅ ሲያስለው ልብሱን ገልጦ ትንፋሹን መቁጠር። ፈጣን ከሆነ ወይም ደረቱ ከሰረጎደ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ኬላ መሄድ። የታዘዘውን በታዘዘው መጠንና ቀን መጨረስ፣ ለጎረቤት አለማካፈል፣ ያለ ማዘዣ አለመግዛት። ክትባቱን ማስጨረስ፤ የኒሞኮከስ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት በነፃ ይሰጣል፤ ያልታመመ ልጅ ደግሞ መድኃኒትም ባክቴሪያ የሚያላምድበት ነገርም የለውም። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ አንድ የቤት ሥራ ይጨመርልን፤ «መድኃኒት አልሠራ አለ» የሚል ሰው ስናገኝ «ተመርምሯል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

ለገና ቤት ስገባ እናቴ ሳጥኗን ከፍታ ቋጠሮውን ሰጠችኝ። አራት ካፕሱል ቀርቶ ነበር። «ውሰጂው፣ ለሚያውቁት ስጪልኝ» አለች። ጤና ጣቢያ ወስጄ አስረከብኩ። ወንድሜ ደጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገና ይጫወታል፤ አፍንጫው እንደ ልማዱ ይዝረበረባል።

የቤት ሥራዬን አርሜ ለመምህራችን መልሼ ሰጥቻለሁ። ዓረፍተ ነገሩ አሁን እንዲህ ይላል፦ «መድኃኒቱን የሚላመደው ባክቴሪያው ነው፤ የሚያላምደው ደግሞ እኛ ነን።» ስንት እንደሚሰጡኝ በሚቀጥለው ዕትም እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!